ገቢና ወጪ

ይህ ቡሬ ላይ ነው፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣
በቆሎው ጢም አውጥቶ እሸቱ ሳይደርስ፣
የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ሳይታፈስ።
«ጎጃምም ይርበዋል?» ይላል የሩቅ ሰው፣
ጤፋችንን ገዝቶ እዚያው የቀመሰው።
ይርበዋል እንጅ።
ጤፍ የጫነ ተሳቢ ሌሊት ሲያልፍ በደጅ
መስኮት ይነዝራል፤ ውስጥ ይነቃል ልጅ።

እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ። ቤቱ የኑግ መጋዘን ነበረ፣
ክረምት ሲገባ ዛሬም ይወዛል ግንቡ፣ ዘይቱ እንዳደረ።
ቢሮዎቹ «የምግብ ባንክ» ብለው ጻፉበት፣
ሰፈሩ ግን ይለዋል «የልየው ቤት»።
ልየው ስሜ ነው፤ ሥራዬም ማየት።
መርፌው የሚያመነታ አንድ ሚዛን፣ አንድ ደብተር፣
መሃሉን በማስመሪያ የከፈልኩት በመስመር፤
በግራ ገቢው፣ በቀኝ ወጪው፣
ርሃብን በኪሎ የምጽፍበት ነው።
ሰልፉ ላይ ጡረተኛ ፖስተኛ አለ፣ የቀን ሠራተኛ አለ፣
ጎረቤት እንዳያየው ጃንጥላ ፊቱ ላይ የጣለ።

አቶ ጥጋቡ መጡ፣ የዱቄት ፋብሪካው ጌታ፣
እስከ ቅንድባቸው ነጭ፣ ሳቃቸው የማይገታ።
«ክለቡ ይሩጥ» አሉ፣ «ሜዳውን ይዙሩ፤
አስር ኪሎ ዱቄት ከእኔ በየዙሩ!»
ባነር አሰቀሉ፤ ስማቸው ጎላ ብሎ ከላይ፣
«ርሃብ» የሚለው ከታች፣ ካልቀረቡት የማይታይ።
የመናኸሪያው ዳቦ ቤት «እርሾና ጨው በእኔ» አለ፣
የባጃጆቹ ማኅበር ጭነቱን ተቀበለ፣
ሲሚንቶ ሻጩ ስሜነህ ሸራ ሰጠን፣ ቀዳዳው እንዳለ።

አስራ አንድ ሆነው ገቡ ጭቃው ሜዳ ላይ።
አንዱ ቁርጭምጭሚቱን፣ ሌላው ሆዱን ይዞ ወጣ፤
አርባኛው ላይ ፈንታነሽ ብቻዋን ቀረች፣
ዝናቡም መጣ።

ፈንታነሽ ፈጣን አይደለችም፤ ሰዓት አይወዳትም፣
በውድድር ከአምስተኛ ወዲህ ገብታ አታውቅም፤
ማቆም ግን ማንም አላስተማራትም።
አሰልጣኝ አንሙት ፊሽካውን ከአፉ አወጣ፣ መልሶ ከተተ፤
ብዕሬ በራሰው ወረቀት ላይ ተጎተተ።

ሃምሳ ስምንት ስል፣ አቶ ጥጋቡ ስልካቸውን አወጡ፣
ማባዣውን ነካ ነካ አድርገው ከባነሩ ሥር ወጡ፤
«አስቁሟት! ልጅቱ ትሞታለች!»
ልባቸው አዝኖ ይሁን ሂሳቡ ከብዷቸው፣
እስከ ዛሬ አላውቅም፤
ስሜ ልየው ቢሆንም አልለየሁላቸው።

እኔ የማውቀው ሌላ ነው፤ ገጽ አስራ አራት፣
«ብርቄ ይርሳው፣ ነፍስ አምስት»፣
የፈንታነሽ እናት።
የሰጠሁበትን ቀን በጣቴ ቆጠርኩት፤
ከሐሙስ ወዲህ ያ ቤት እንዴት እንደሰነበተ ገመትኩት፣
ጠዋት ምን በልታ ወጣች? ጥያቄውን ዋጥኩት።

ሲጨልም ቆመች። ጭቃው ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ፈታች።
«ስንት ሆነ?» አለች።
«ስድሳ ሦስት።»
«አይደለም፣ ስድሳ አራት። አንዷ አምልጣሃለች፣
መነጽርህን ስትወለውል ነው ያለፈች።»
ጭረቷን ጨመርኩ።

ሰኞ ዱቄቱ መጣ። ሚዛን ላይ አወጣሁት፤
ኩንታል የተባለው ዘጠና ስምንት ሆኖ አገኘሁት፣
ሁሉም እንዲያው። ሳልጨምር ሳልቀንስ እንዳለ ጻፍኩት።
ማክሰኞ የጎደለው በባጃጅ ደረሰ፣
ያለ ፎቶ፣ ያለ ባነር፤ ላኪው ቃል እንኳ አልተነፈሰ።

ረቡዕ ብርቄ መጣች፣ ጆንያዋን ታቅፋ፣
«የሰጠውን እጅ አይንሳው፣ ማን ይሆን?» አለች፣ ደጁን አልፋ።
ፈንታነሽ ከኋላዋ ናት፣ ሸክም ልታነሣ፣
ግራ እግሯን ታነክሳለች፤ ዓይኗ አፌን ዘጋው፣ ቃል ሳታነሣ።
በገቢው በኩል ልጅቱ፣ በወጪው በኩል እናቲቱ፤
መሃል አንዲት ቀጭን መስመር፤ ይኸው ነው ልዩነቱ።

መርፌው አመነታ፣ አስራ አምስት ላይ ቆመ።
አንድ እፍኝ ጨመርኩ።
እሷን አልጻፍኳትም።